የተሠራ ወርክሺት አንገዛም!

ፈተና ሲደርስ በኢምፔሪያልና በገርጂ ዙሪያ ያሉ ፎቶ ኮፒ ቤቶች ገበያቸው ይደራል፡፡ አካባቢው የግል ኮሌጅ አያጣም፤ ኮሌጅ ባለበት ፎቶ ኮፒ ቤት አለ፤ ፎቶ ኮፒ ቤት ባለበት ደግሞ የተሠራ ወርክሺት አለ፡፡ መቼስ ታውቁታላችሁ፡፡ ባለፈው ዓመት አንድ ጎበዝ ልጅ በእጁ ጽፎ የሠራው፣ መቶ ጊዜ ኮፒ ተደርጎ ፊደሉ የደበዘዘ ወረቀት፡፡ ኮርሱ ቢዝነስ ስታቲስቲክስ ከሆነ ወረቀቱ ላይ ቀይና ሰማያዊ ኳስ የያዘ ከረጢት፣ ሁለቴ የሚወረወር ሳንቲምና 52 ካርታ አይጠፋም፡፡ ተማሪው ይገዛል፣ አንድ ሌሊት ይሸመድዳል፣ ቁጥሩ ካልተቀየረ ያልፋል፡፡ ቁጥሩ ከተቀየረ «መምህሩ ቀሽም ነው» ይባላል፡፡

እኛ የምንለው ይህ ወረቀት ቢቀደድ ይሻላል ነው፡፡ ኩረጃ ኃጢአት ነው ብለን ልንሰብክ አይደለም፡፡ ስብከቱን ከሕፃንነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል፣ ብዙም አልጠቀመን፡፡ ነገሩ ሌላ ነው፡፡ በዚህች ከተማ ቤት የምናገኘው በዕጣ፣ ብር የምናጠራቅመው በዕጣ፣ የቅዳሜ ኪሳችንን የምናራግፈው በውርርድ ሆኖ ሳለ ከሁሉም ኮርሶች መርጠን ያልተማርነው ዕድልን የሚያሰላውን መሆኑ ያስቃል፡፡ ያስለቅሳልም፡፡

በነገራችን ላይ የካርታውን ነገር ዝም ብለን ማለፍ አንችልም፡፡ ካርታ የሚጫወት ልጅ «ባለጌ» እየተባለ ባደገበት አገር ክፍል ገብቶ «ከ52 ካርታ ቀይ ንጉሥ የማውጣት ፕሮባብሊቲ ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ ምን ማለት ነው? በሥርዓት ያደገችው ልጅ ካርታው ስንት ቀለም እንዳለው ስለማታውቅ ትወድቃለች፣ ሰፈር ውስጥ ካርታ ሲያገላብጥ የከረመው ጀለስ ኤ ይዞ ይወጣል፡፡ ፍትሕ ነው እንዴ? ጥያቄው ከውጭ መጽሐፍ እንዳለ የመጣ ነው፡፡ መምህሩ ይገለብጣል፣ ተማሪው የመምህሩን ይገለብጣል፣ ፎቶ ኮፒ ቤቱ የሁለቱንም ይገለብጣል፡፡

ከረጢቱን ትተን ዕቁብ እንውሰድ፡፡ ሃያ ሰው በየወሩ 5 ሺህ ብር ይጥላል፣ ዕጣ የወጣለት 100 ሺህ ይወስዳል፡፡ በመጀመሪያው ወር የእናንተ ዕድል ከሃያ አንድ ነው፡፡ ይህን ሁሉም ይመልሳል፡፡ በሁለተኛው ወርስ? ብዙ ሰው «ከአሥራ ዘጠኝ አንድ» ይላል፡፡ ልክ ነው፣ ግን ለጥያቄው ግማሽ ነው፡፡ ከአሥራ ዘጠኝ አንድ የሚሆነው መጀመሪያ ወር ላይ ካልወጣላችሁ ነው፡፡ ዕቁቡ ሳይጀመር ቆማችሁ «በሁለተኛው ወር ለእኔ የመውጣቱ ዕድል ስንት ነው?» ብትሉ መልሱ ሃያኛዎቹ አሥራ ዘጠኝ ሲባዛ በአሥራ ዘጠነኛ አንድ፣ ማለትም አሁንም ከሃያ አንድ ነው፡፡ በአሥራ ሰባተኛውም ወር ከሃያ አንድ፣ በመጨረሻውም ከሃያ አንድ፡፡ «እኔ ዕድለ ቢስ ነኝ፣ ሁልጊዜ መጨረሻ ነው የሚወጣልኝ» የምትለው ጓደኛችሁ ከእናንተ ያነሰ ዕድል ኖሯት አያውቅም፡፡ ኮንዲሽናል ፕሮባብሊቲ እያሉ የሚያስፈራሯችሁ ነገር ይኸው ነው፤ «ካልወጣልኝ» የምትለዋ ቃል፡፡

እዚህ ላይ ካቆምን ግን «ቢዝነስ» የሚለውን ረሳን ማለት ነው፡፡ ዕድሉ እኩል ነው፣ ብሩ ግን እኩል አይደለም፡፡ መጀመሪያ የደረሰው ያለ ወለድ ተበደረ፣ መጨረሻ የደረሰው ያለ ወለድ አበደረ፡፡ ዋጋ በዓመት 20 በመቶ ይጨምራል ብንል በሃያኛው ወር የሚገኘው 100 ሺህ ብር በመጀመሪያው ወር ዋጋ ሲመነዘር 75 ሺህ ገደማ ነው፡፡ ዕቁብ ውስጥ ዕጣ የሚሸጥና የሚገዛው ለምን ሆነና? የዕቁብ ዳኛው ስሌቱን በወረቀት ባይጽፈውም በሆዱ ያውቀዋል፡፡ «የሦስተኛውን ወር ዕጣ ለመግዛት ስንት ብር ብትከፍሉ ያዋጣችኋል?» ብሎ የሚጠይቅ ፈተና እስካሁን አላየንም፡፡ ቢኖር ግማሹ ክፍል ከእናቱ ጋር ቁጭ ብሎ ያጠና ነበር፡፡

አሁን ወደ ትልቁ ዕጣ እንሂድ፡፡ ሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም. አዲስ አበባ የ14ኛውን ዙር 20/80 እና የ3ኛውን ዙር 40/60 የኮንዶሚኒየም ዕጣ አወጣች፡፡ ከ25 ሺህ በላይ ቤት ነበር፡፡ ቀናት ሳይቆይ የከተማው አስተዳደር ዕጣው መጭበርበሩን ገልጾ ሰረዘው፣ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች ታሰሩ፣ ዕጣው ከወራት በኋላ በ2015 ዓ.ም. እንደ አዲስ ወጣ፡፡ በወቅቱ እንደተነገረው ለዕጣው ብቁ የነበሩት ቆጣቢዎች 79 ሺህ ያህል ሲሆኑ ሲስተሙ ውስጥ ተገኘ የተባለው ግን ወደ 172 ሺህ ሰው ነው፡፡

ወሬውን ሁላችንም ሰምተን «ሌቦች!» አልን፣ ተናደድን፣ ረሳነው፡፡ ስንቶቻችን አካፈልነው? 25 ሺህ ለ79 ሺህ ሲካፈል 0.32 ይመጣል፤ ከሦስት ሰው አንዱ ቤት ያገኛል ማለት ነው፡፡ 25 ሺህ ለ172 ሺህ ሲካፈል 0.15 አይሞላም፤ ከሰባት ሰው አንዱ፡፡ ለዓመታት ከደመወዙ እየቆረጠ ንግድ ባንክ ያስቀመጠ ሰው ዕድሉ ከግማሽ በታች ወረደ፣ ማንም ሳይነግረው፡፡ ይቀጥላል፡፡ ከ172ቱ ሺህ ውስጥ 93 ሺህ ያህሉ መግባት ያልነበረባቸው ከሆኑ፣ ዕጣው ከዚያ በኋላ ፍጹም በሐቀኝነት ቢወጣ እንኳ ከመቶ አሸናፊ 54ቱ የማይገባቸው እንደሚሆኑ ይጠበቃል፡፡ ልብ አድርጉ፤ ማሽኑ ላይ ምንም ተንኮል መሥራት አያስፈልግም፡፡ አዳራሽ ውስጥ ቁልፉ ሲጫን ብናይ፣ ታዛቢ ቢቆም፣ ጭብጨባ ቢቀልጥ፣ ሁሉም ነገር የተበላው ከዚያ በፊት ነው፡፡ አካፋዩ ላይ፡፡

ወርክሺት ላይ «ከረጢት ውስጥ 5 ቀይና 7 ሰማያዊ ኳስ አለ» ተብሎ ይሰጠናል፡፡ በሕይወት ውስጥ ግን ዋናው ጥያቄ ከረጢቱ ውስጥ ስንት ኳስ እንዳለ ማን ቆጠረ የሚለው ነው፡፡ ይህን መጠየቅ የሚለምደው ራሱ ኳሱን የቆጠረ ሰው ብቻ ነው፡፡ የተቆጠረለትን ኮፒ ያደረገ ሰው አይጠይቅም፡፡

ስለ አካፋይ ካነሳን አይቀር፤ አገራችን ለመጨረሻ ጊዜ ሕዝብና ቤት የቆጠረችው በ1999 ዓ.ም. ነው፡፡ ያኔ አዲስ አበባ 2.7 ሚሊዮን ሰው ተቆጠረባት፡፡ ቀጣዩ ቆጠራ ተቀጥሮ ተራዘመ፣ እንደገና ተቀጥሮ በ2011 ዓ.ም. እንደገና ተራዘመ፡፡ ጎሮና ሰሚት በቤት ሲሞሉ ያየ ሰው ያ ቁጥር ዛሬ ምን ያህል እንደሚያስኬድ መገመት አያቅተውም፡፡ ከዚያ ወዲህ «በነፍስ ወከፍ» የሚባል ነገር ስትሰሙ ሥር ያለው ቁጥር ትንበያ መሆኑን አስታውሱ፡፡ ትንበያ ሐሰት አይደለም፣ ግን ቆጠራም አይደለም፡፡

አሁን ደግሞ ሰፈራችንን በቀጥታ ወደሚነካው እንምጣ፡፡ የመውጫ ፈተና፡፡ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በአገር አቀፍ ደረጃ ሲሰጥ 150 ሺህ ያህል ተማሪ ተፈተነ፣ ያለፈው 40.65 በመቶ ነበር፡፡ ከመንግሥት ተቋማት 62.4 በመቶ፣ ከግል ተቋማት 17.2 በመቶ፡፡ ያን ሰሞን ከኢምፔሪያል እስከ መገናኛ ያለ ካፌ ሁሉ ይህንኑ ያወራ ነበር፡፡ «ግል ኮሌጅ ገንዘብ መጣያ ነው» የሚለው ድምዳሜ ከማኪያቶው ቀድሞ ነበር የሚደርሰው፡፡

እስቲ ቁጥሩን እንደ ወርክሺት እንሥራው፡፡ 62.4 እና 17.2 ተደምረው ለሁለት ሲካፈሉ 39.8 ይሰጣሉ፡፡ የተነገረው ግን 40.65 ነው፡፡ ስህተት ነው? አይደለም፡፡ ከመንግሥት የመጡት ወደ 78 ሺህ፣ ከግል የመጡት ወደ 72 ሺህ ስለነበሩ የመንግሥቱ ክብደት ትንሽ ይበልጣል፡፡ የክብደት አማካይ ማለት ይኸው ነው፤ በወርክሺቱ ላይ ቀመሩ ብቻ ተጽፎ የሚታለፈው፡፡

ከባዱ ጥያቄ ግን የሚቀጥለው ነው፡፡ 17.2 በመቶ ማለት «ግል ኮሌጅ ከገባህ የማለፍ ዕድልህ 17 በመቶ ነው» ማለት ነው? እኛ አይደለም እንላለን፡፡ የግል ኮሌጅ ተማሪ ማነው? ብዙው በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቱ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ ያልገባ ነው፡፡ ብዙው ቀን ሠርቶ ማታ የሚማር፣ ቅዳሜና እሑድ የሚማር፣ ልጅ አስተኝቶ የሚያጠና ነው፡፡ ሁለት የተለያዩ ከረጢቶች ናቸው፡፡ ኮሌጁ ምን ያህል እንዳስተማረ ለማወቅ በተመሳሳይ የመግቢያ ውጤት የገቡትን፣ በተመሳሳይ ሰዓት የሚማሩትን ማወዳደር ያስፈልጋል፡፡ ይህን ስንል የግል ኮሌጆችን ነፃ እያወጣን አይደለም፡፡ መምህር ሳይቀጥር ክፍያ የሚሰበስበው፣ ተማሪ እንዳይሸሽበት ለሁሉም ኤ የሚያድለው ኮሌጅ እንዳለ ማን አጣው? ሆኖም ከ17.2 ብቻ ተነስቶ የትኛው የኮሌጁ፣ የትኛው የተማሪው፣ የትኛው የኑሮው ጥፋት እንደሆነ መናገር አይቻልም፡፡ የሚችል ካለ ስታቲስቲክስ አልተማረም ወይም ወርክሺቱን ገዝቷል፡፡

እና ፈተናውን በግምት ማለፍ ይቻላል? ይህን ጥያቄ እንወደዋለን፣ ምክንያቱም ሁሉም ሰው በልቡ የሚጠይቀው ነው፡፡ 100 ጥያቄ፣ አራት አራት ምርጫ፣ ማለፊያው 50 እንበል፡፡ አንድም ሳያውቅ በጭፍን ያጠቆረ ሰው በአማካይ 25 ያገኛል፣ ስታንዳርድ ዲቪዬሽኑ 4.3 ነው፡፡ 50 ለመድረስ ከአማካዩ ወደ ስድስት የሚጠጋ ስታንዳርድ ዲቪዬሽን መዝለል አለበት፡፡ ከሚሊዮን አንዴ እንኳ አይሆንም፡፡ ስለት መሳል ይሻላል፡፡

ግን ማንም ዜሮ አያውቅም፡፡ እንግዲህ 28 ጥያቄ በእርግጠኝነት የሚያውቅ ልጅ ቀሪውን 72 ቢገምት የማለፍ ዕድሉ 17 በመቶ አካባቢ ይሆናል፡፡ (ከላይ ካለው 17 ጋር መገጣጠሙ የአጋጣሚ ነው፣ ምሥጢር አትፈልጉበት፡፡) 34 የሚያውቀው ወደ 61 በመቶ ይወጣል፡፡ 40 የሚያውቀው 95 በመቶ ይደርሳል፡፡ ቁጥሮቹን ደግማችሁ እዩአቸው፡፡ ከ28 እስከ 40 አሥራ ሁለት ጥያቄ ነው፡፡ በነዚያ አሥራ ሁለት ጥያቄዎች መሐል «መውደቅህ አይቀርም» የነበረው ልጅ «ማለፍህ አይቀርም» ሆነ፡፡ እርግጥ ስሌቱ ያልታወቀው ጥያቄ ሁሉ በጭፍን ተገመተ ብሎ ነው የሚነሳው፤ ፈታኝ ደግሞ ግማሽ የሚያውቀውን ሰው የሚያጠምድ ምርጫ መጻፍ ያውቅበታል፡፡ ያም ሆኖ ቅርጹ አይለወጥም፡፡ ሰኞ ዕለት አንድ ጥያቄ መሥራት የሚያስገኘው ትርፍ መስመር ላይ ላሉት ግዙፍ ነው፣ መሐላችን ደግሞ አብዛኛው ሰው መስመር ላይ ነው፡፡ የተሠራ ወርክሺት የሚገዛውም እሱ ነው፡፡ ሰቃዩ አይገዛም፣ ጨርሶ ተስፋ የቆረጠውም አይገዛም፡፡

ውርርዱንም ሳንነካ አናልፍም፡፡ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግን ከቡድኑ አሠልጣኝ በላይ የሚያውቅ ወጣት በሞላበት ከተማ ኦድ ገልብጦ የሚያካፍል ሰው ግን ብርቅ ነው፡፡ ለአንድ ጨዋታ ባለሜዳው 2.10፣ አቻ 3.20፣ እንግዳው 3.40 ተሰጠ እንበል፡፡ አንድን ለየኦዱ አካፍሉና ደምሩ፡፡ 0.476፣ 0.313 እና 0.294፤ ድምሩ 1.083፡፡ ሦስት ዕድሎች ተደምረው ከአንድ በላይ አይሆኑም፣ ትርፏ 0.083 የቤቱ ናት፡፡ ትንሽ ትመስላለች፣ ከመቶ ብር ስምንት ብር እንኳ አትሞላም፡፡ ጀለሶች ግን በአንድ ጨዋታ አይቆርጡም፤ ስምንት ጨዋታ ደርድረው «ይቺ ከገባች…» ይላሉ፡፡ እንዲህ ያለ ስምንት ጨዋታ ሲደረደር ቤቱም ድርሻውን ስምንት ጊዜ ይቆርጣል፡፡ 100 ብር አስገብታችሁ በአማካይ የሚመለስላችሁ 53 ብር ገደማ ነው፡፡ «አንድ ጨዋታ በላኝ» የሚባለው እሮሮ ከዚህ ጋር ሲታይ ያሳዝናል፤ የበላችሁ ቡድኑ ሳይሆን ማባዛቱ ነው፡፡ መወራረድ ክልክል ይሁን የሚል ሐሳብ የለንም፡፡ ስሌቱን ሠርቶ ለመዝናናት 47 ብር የሚከፍል ሰው መብቱ ነው፡፡ ሲኒማም ብር ያስከፍላል፡፡ የሚያናድደን እንደ ሥራ የያዘው ነው፡፡

አንድ ልጨምር ካላችሁን የብር ኖት ይሁን፡፡ በ2013 ዓ.ም. መግቢያ ብር ሲቀየርና 200 ብር ሲመጣ ባለሱቁ ሁሉ ኖት ወደ ፀሐይ ማንሳት ጀመረ፡፡ ከሺህ ኖት አንዱ ሐሰተኛ ነው እንበል፤ መመርመሪያው ደግሞ ከመቶ ሐሰተኛ 99ኙን ይይዛል፣ ከመቶ እውነተኛ አንዱን በስህተት ይይዛል፡፡ ማሽኑ ጮኸ፡፡ ኖቱ ሐሰተኛ የመሆኑ ዕድል ስንት ነው? ሁሉም «99 በመቶ» ይላል፡፡ መቶ ሺህ ኖት አስቡ፤ መቶው ሐሰተኛ ነው፣ 99ኙ ይያዛል፡፡ ከቀሪው 99,900 እውነተኛ ግን 999 ያህሉ አብሮ ይያዛል፡፡ ስለዚህ ከተጮኸባቸው 1,098 ኖቶች ሐሰተኛው 99 ብቻ፣ 9 በመቶ ነው፡፡ ደንበኛውን «አጭበርባሪ!» ብላችሁ አንገቱን ከመያዛችሁ በፊት ኖቱን አንድ ጊዜ ደግማችሁ አስገቡት፡፡

ለመምህራኖቻችን የምንለው ብዙ አይደለም፡፡ ጥያቄውን በየዓመቱ ቀይሩት፤ ካልቻላችሁ ቁጥሩን ቀይሩ፡፡ ከረጢቱን አውጥታችሁ ዕቁብ አስገቡ፣ ከሳንቲሙ ይልቅ ኮንዶሚኒየሙን ጠይቁ፡፡ ተማሪ ሲሳሳት በአማርኛ እንዲያስረዳ ፍቀዱለት፡፡ «ፕሮባብሊቲ ኦፍ ኤ ጊቨን ቢ» እያለ ያነበነበው ልጅ «ካልወጣልኝ» ማለት መሆኑን ሲሰማ ፊቱ ሲበራ አይተናል፡፡ ለእኛ ለራሳችን ደግሞ አንድ ደንብ ይበቃናል፡፡ ካልኩሌተር ከመንካታችን በፊት መልሱን ገምተን ወረቀቱ ጥግ ላይ እንጻፍ፡፡ ግምቱና ስሌቱ በጣም የተራራቁባት ጥያቄ እሷ ናት የምታስተምረን፡፡ በተሠራ ወርክሺት ላይ መገመት አይቻልም፤ መልሱ ቁጭ ብሎ ያያችኋል፡፡

ለመጀመሪያ ልምምድ ይህችን ያዙ፡፡ ከኢምፔሪያል ወደ መገናኛ የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ 12 ሰው አለ፡፡ ጳጉሜን እንተዋትና ወር ሁሉ ሠላሳ ቀን ነው፤ ሰው ደግሞ ወሩ ምንም ይሁን ምን ወይ በ12 በሚካኤል፣ ወይ በ21 በማርያም፣ ወይ በ23 በጊዮርጊስ፣ ብቻ ከሠላሳዎቹ ቀናት ባንዱ ይወለዳል፡፡ ከአሥራ ሁለቱ ቢያንስ ሁለቱ በአንድ ቀን የተወለዱ የመሆናቸው ዕድል ስንት ነው? መጀመሪያ ገምቱ፡፡ ከዚያ ሁሉም በተለያየ ቀን የተወለዱ የመሆናቸውን ዕድል አስሉና ከአንድ ቀንሱ፡፡ ከ90 በመቶ በታች ከመጣላችሁ እንደገና ሥሩት፡፡